«ከጎጆ ፍራሽ ምን ይገኛል?» ላሉት ሰው

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አካባቢ «ቅርስና የከተማ ልማት» በሚል ርእስ በተደረገ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ርእስ ላይ ቅርስ ከፊት የሚቀመጠው ለይሉኝታ እንደሆነ የታወቀ ነው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የአርኪዮሎጂ ተማሪ እጇን አወጣች። ፒያሳ ከፈረሱት ቦታዎች በአንዱ ላይ፣ የሕንፃው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ የሙከራ ጉድጓድ ለሁለት ሳምንት መክፈት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀች። ይኸው ነው። ልማቱ ይቁም አላለችም፤ መንገድ ይዘጋልኝም አላለች።

መድረኩ ላይ ከነበሩት ኃላፊዎች አንዱ ማይኩን ሳብ አድርገው፣ «እዚያ የነበረው እኮ የገበሬ ጎጆ ነው፤ በኋላም የጭቃ ቤት። ጭቃ ዝናብ ሲመታው ጭቃ ይሆናል። ከጎጆ ፍራሽ ምን ይገኛል? ቁፋሮ ለአክሱም ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ልጅቱ ተቀመጠች። የሻይ ሰዓት ተባለ።

እኔ ሻዩ አልወረደልኝም።

ከጭቃው ልጀምር፤ የንግግራቸው ምሰሶ እሱ ነበርና። ምሰሶው ግን ነቀዝ የበላው ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ አለ። እዚያ ጎምቦሬ በሚባለው ሥፍራ 700 ሺሕ ዓመት ግድም ያስቆጠረ የእግር ዱካ ተገኝቷል። የአዋቂም የልጅም ነው። ከልጆቹ አንዱ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን እንደነበር ያጠኑት ሰዎች ይናገራሉ። ሕፃኑ የረገጠው እብነ በረድ አይደለም፤ ውኃ ዳር ያለ ጭቃ ነው። ጭቃው ተረከዙን ያዘ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ከላይ አለበሰው፣ እስከ ዛሬም ጠበቀን። መልካ ቁንጡሬ በሐምሌ 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር እንኳን ደስ ያለን ተባብለናል። ታዲያ የዚያን ሕፃን ዱካ ያቆየ ጭቃ የቅድመ አያቶቻችንን ምድጃ ማቆየት ያቅተዋል ብሎ ማይክ ይዞ መናገር እንዴት ያለ ድፍረት ነው?

እስኪ ጎጆ ሲፈርስ ምን እንደሚቀር እንይ። ምሰሶው ይበሰብሳል፤ የተተከለበት ጉድጓድ ግን አይጠፋም። በኋላ የሚሞላው አፈር ላላ፣ ጠቆር ያለ ነው፤ ወለሉ በትንሽ ማንካ ቀስ ተብሎ ሲፋቅ ክብ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ይላል። የግድግዳው ቋሚ እንጨቶችም እንደዚያው። ነጠብጣቦቹን ስታያይዟቸው ጎጆው በሩ ሳይቀር መሬት ላይ ተስሎ ታገኙታላችሁ። ክዳኑ የለም፤ የክዳኑ ጠፈጠፍ ሲያንጠባጥብ የከረመበት መስመርና ጎርፍ እንዳይገባ ዙሪያውን የተማሰው ቦይ ግን አለ። ምርጊቱም በጭድ የተቦካ ነው። ቤቱ ተቃጥሎ እንደሆነ ምርጊቱ እንደ ሸክላ ይጠነክርና የጭዱን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ የጤፍ ይሁን የገብስ አጉሊ መነጽር የያዘ ሰው ይለየዋል። «ጭቃ ጭቃ ይሆናል» ያሉት እንግዲህ ይህንን ነው።

ምድጃው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። አማርኛችን ትዳር መያዝን «ጎጆ ወጣ»፣ «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» የሚለው ቤት የሚባለው ነገር ከእሳቱ ዙሪያ ስለሚጀምር ነው። ለአርኪዮሎጂ ባለሙያም እንደዚያው ነው። ጉልቻው ቢነሣ እንኳ ከሥሩ ያለው አፈር ከእሳት ብዛት ቀልቶ ይቀራል። ከላዩ አመድ አለ፤ ከአመዱ ጋር ከሰል፣ ያረረ እህል፣ የአጥንት ስባሪ። አመዱ ውኃ ውስጥ ሲበጠበጥ ከሰሉና ያረረው ዘር ይንሳፈፋል፤ በወንፊት ይያዛል። ባቄላ ነበር? ተልባ ነበር? በግ ያርዱ ነበር ወይስ ከዓመት ዓመት ሽሮ? ገበሬው ዜና መዋዕል ጸሐፊ አልነበረውም። አመድ ነበረው።

አሁን ወደ ዶሮዋ ልምጣ። ስለዚህች ዶሮ ለመጻፍ ሰበብ ስፈልግ ከርሜአለሁና ኃላፊውን በዚህ በኩል አመሰግናለሁ።

ትግራይ፣ ጉሎ መኸዳ ውስጥ፣ መዝበር የሚባል ጥንታዊ የገጠር መንደር አለ። (መዝበር በግእዝ ፍርስራሽ ማለት ነው። የመንደሩን ስም ያወጡት ሰዎች ከእኛ ኃላፊ ይልቅ ያስተዋሉ ይመስላል፤ ቢያንስ ፍራሽነቱን አልናቁትም።) ሐውልት የለውም፤ የንጉሥ መቃብር የለውም። ከአክሱም መንግሥት በፊት የተቆረቆረ የገበሬዎች ሰፈር ነው። በካትሪን ዳንድሪያ የሚመራ ቡድን ቆፈረው፤ ከቤቶቹ መሀል ከወጣው የአጥንት ክምችት ውስጥ ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ሕሊና ወልደኪሮስ የዶሮ አጥንት ለየች። እ.አ.አ በ2016 የወጣው ጥናት እንደሚለው ዕድሜው ቢያንስ 2600 ዓመት ነው። ጥናቱ ሲወጣ በአፍሪካ ምድር ከታወቁት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚቆጠር ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብላችሁ አስቡት። ዶሮ የአፍሪካ ወፍ አይደለችም፤ የመጣችው ከእስያ ነው። በቀይ ባሕርም ትምጣ በዓባይ ሸለቆ፣ መርከብ ወይም ነጋዴ ይዟት ነው የመጣችው፤ በራሷ ክንፍ እዚህ አትደርስም። ስለዚህ አንዲት የገጠር ሴት ሠርታ አጥንቷን ደጅ የጣለቻት ዶሮ የዓለም ንግድ ማስረጃ ሆነች። ሐውልት ይህን አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ የተከለው ሰው እንዲባልለት የፈለገውን ነው። ቤተ መንግሥት ለእንግዳ ተጠርጎ የቆየ ቤት ነው። የጎጆ ጓሮ ግን ማንም ያየኛል ብሎ አልተሰናዳም፤ ውሸቱ ትንሽ የሆነው ለዚህ ነው። ዶሮ በበዓላችን፣ በመስቀለኛው መንገድ፣ በአራስ ቤት፣ በሽምግልናው ሁሉ ውስጥ ያለች ወፍ ናት፤ ከመቼ ጀምሮ አብራን እንደኖረች ፍንጭ የሰጠን ግን አንድም ዘውድ አይደለም፤ ቆሻሻ መጣያ ነው። እኛ ደግሞ እዚሁ ፒያሳ አፍንጫ ሥር ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሰፈር ይዘን ኖረን «ምን ይገኛል?» እንላለን። ስሙ እንኳ አያሳፍረንም?

«የመዝበር ቤቶች የድንጋይ ናቸው፣ የኛው ጭቃ ነው» የሚል ይነሣ ይሆናል። ይነሣ። ቱርክ ውስጥ ቻታልሆዩክ የሚባለው ቦታ ከጭቃ ጡብ የተሠራ ነው፤ ቤት በቤት ላይ እየተሠራ ኮረብታ ያከለ፣ ከ9000 ዓመት በፊት ሰው የኖረበት መንደር። ንጉሥ እንደነበረው የሚያሳይ ቤተ መንግሥት አልወጣበትም፤ የዓለም ቅርስ ግን ሆኗል።

የጎጆ ንቀት የእኛ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሸር ውስጥ፣ ዋረም ፐርሲ የሚባል ባዶ የቀረ የገበሬ መንደር ከ1950 እስከ 1990 እ.አ.አ በየክረምታቸው ተቆፍሯል፤ አርባ ዓመት ሙሉ፣ አብዛኛው ሥራ በበጎ ፈቃደኞች። መጀመሪያ ላይ ቆፋሪዎቹ ራሳቸው የገበሬዎቹ ቤቶች ደካማ ጎጆዎች ናቸው፣ በየትውልዱ እየፈረሱ የተሠሩ ናቸው ብለው ነበር። ማስረጃው በኋላ እንደገና ሲታይ አናጢ ያዋቀራቸው፣ ጠንካራ የእንጨት አጥንት ያላቸው ቤቶች ሆነው ተገኙ። እነዚያ ሰዎች መሳሳታቸውን ማወቅ የቻሉት ስለቆፈሩ ነው። የእኛዎቹ ላለመሳሳት የመረጡት መንገድ አለመቆፈር ነው፤ ርካሽ መንገድ ነው፤ አልክድም።

ከውይይቱ ማግስት ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስወጣ በቆርቆሮ ከታጠሩት ግቢዎች በአንዱ በኩል አለፍኩ። የአጥሩ አንድ ቅጠል ወልቋል። ኤክስካቫተሩ መሬቱን እንደ ድፎ ዳቦ ቀጥ አድርጎ ቆርጦት ሄዷል፤ ሰው የለም። አጎንብሼ አየሁ። ከላይ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ስብርባሪ። ከሥሩ ቀላ ያለ ደልዳላ አፈር። ከዚያ በታች፣ ክንድ ያህል ወርዶ፣ አመድማ መስመር፤ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ወፈር ይልና ከሥሩ ያለው አፈር እንደ ጡብ ቀልቷል። ከአመዱ ጫፍ የጥቁር ሸክላ ስባሪ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ጠባብ ነው፣ ወደ ላይ እየሾጠጠ ይሄዳል። የጀበና አንገት ነው ብል አልተሳሳትኩም።

«ጋሼ፣ ይራቁ፤ አፈሩ ይናዳል» አለ ዘበኛው። ጋቢውን እንደ ተከናነበ መጣ። ዕድሜው ከሃያ አምስት አይበልጥም።

«ይሄን አየኸው?» አልኩት መስመሩን እያሳየሁ።

ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ምድጃ ነዋ» አለኝ፣ እንደ ተራ ነገር። «እኛ አገር ኦና ቤት ሲታረስ እንዲህ ነው የሚወጣው። አባቴ ጎመን የሚተክለው እንዲህ ያለው ላይ ነው። አመድና የከብት ፍግ የበላ መሬት ስለሆነ ይሰጣል።»

ይህ ልጅ በአንድ አረፍተ ነገር የተናገረውን ባለሙያዎች በቤተ ሙከራ ያረጋግጡታል። ሰውና ከብት ለረጅም ጊዜ የኖሩበት አፈር ፎስፌት የሚባል ንጥረ ነገር ያከማቻል፤ ቤቱ ከጠፋ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም አፈሩ ሲለካ ይገኛል። ከየነጥቡ አፈር እየተወሰደ ተለክቶ፣ ዓይን የማያየው በረት የት እንደነበረ የሚታወቅበት ጊዜ አለ። ኃላፊው ያጡት እውቀት በጋቢ ተጠቅልሎ የቆርቆሮ አጥር እየጠበቀ ነው። በነጋታው ስመለስ መስመሩ የለም። የብረት ፍርግርግ ቆሟል፤ ኮንክሪት ሊሞላ መኪናው እየተሽከረከረ ነው።

ያ ምድጃ የመቼ ነበር? የ1930ዎቹ ይሆናል፤ የምኒልክ ዘመን ይሆናል፤ ከከተማዋ በፊትም ይሆናል። በዓይን አይታወቅም፤ የተማሪዋ ጥያቄም ይኸው ነበር። ማወቂያውም ቀላል አይደለም። በቅርብ መቶ ዓመታት የካርቦን ልኬት ብዙ አያረካም፤ ስለዚህ ሲኒው፣ ጠርሙሱ፣ ዶቃው፣ ቀለሁ፣ ሳንቲሙ ነው የሚመረመረው። በሳንቲምም ቢሆን መጠንቀቅ ያሻል። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር መቼም ይመታ መቼ 1780 ነው የሚለው፤ አገራችን ውስጥ ካየሁት ገንዘብ ሁሉ እንደሱ ዕድሜውን የሚደብቅ የለም። የምኒልክ ብር ግን 1887 የሚል ዓመተ ምሕረት ይዞ ቢገኝ፣ ከላዩ ያለው ንብርብር ከዚያ ወዲህ መሆኑን ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ዕቃው ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ሲታወቅ ነው። በገልባጭ መኪና ተጭኖ ከሄደ በኋላ ሲኒው ሲኒ ብቻ ነው።

«ሕግ አለን» ይሉናል ደግሞ። አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በሕንፃም ሆነ በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት እንዲጠብቅ ያዛል። እሰየው። ነገር ግን ይህ የተጻፈው በድንገት ለሚገኝ ቅርስ ነው፤ አግኚው ያገኘውን ሲያውቀው ማለት ነው። ከአምስት ሜትር ከፍታ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ፣ በሰዓት የሚከፈለው የኤክስካቫተር ሹፌር የምሰሶ ጉድጓድን ጥቁር ነጠብጣብ አይቶ ሞተሩን ያጠፋል ብላችሁ ታምናላችሁ? የወርቅ መስቀል ቢያይ ያቆም ይሆናል። የጎጆ ፍራሽ ግን ወርቅ የለውም። ያለው የአፈር ቀለም ነው፤ ቀለሙን የሚያነብ ሰው ከማሽኑ በፊት ካልገባ ሕጉ የሚጠብቀው ነገር አይኖርም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ፤ ቆሞ የሚውል ማሽን ገንዘብ ይበላል፤ የፈረሰ ቦታ ሁሉ ይቆፈር ማለትም አይቻልም። ማንም ግን አላለም። ልጅቱ የጠየቀችው አራት ካሬ ሜትር ነው፤ ለአንድ መኪና ማቆሚያ እንኳ የማይበቃ። ከተማው ውስጥ ታጥረው ስንት ክረምት ሣር ያበቀሉ ቦታዎችን እናውቃለን፤ እነዚያ ላይ ጥድፊያው የት ሄዶ ነው? ጥድፊያ የሚመጣው ማንካ የያዘ ሰው ሲታይ ነው። በነገራችን ላይ ይህ አገር ቁፋሮን እንዴት እንደሚያይ ይገርመኛል። በማንካ ቀስ እያለ የሚቆፍር ሰው ካየን ወርቅ ፈላጊ ነው ብለን እንጠረጥራለን፤ በብረት አካፋ ሰፈር ሙሉ የሚገለብጠውን ደግሞ ቆመን በስልክ እንቀርጻለን።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ከ1879 ዓ.ም በፊት እዚህ ማን ነበር? ፍልውሃ ዙሪያ የማን ከብት ይጠጣ ነበር? የፊንፊኔ ገበሬዎች መንደር የት የት ነበር? በመካከለኛው ዘመን በካርታ ላይ የተሳለችው የነገሥታት ከተማ በረራ በእነዚህ ኮረብቶች ላይ ነበረች ወይስ አልነበረችም? በእነዚህ ጥያቄዎች በየቡና ቤቱ፣ በየስልኩ፣ በየምክር ቤቱ ስንናከስ እንውላለን፤ ሰው ተጣልቶባቸዋል፣ ከዚያም የከፋ ሆኖባቸዋል። ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትዊግ ብሬተርኒትዝ እ.አ.አ በ2009 ከወጨጫ እስከ የረር ያሉትን ጥንታዊ ሠፈሮች ዘርዝረው የበረራን ጉዳይ ሲጽፉ ቢያንስ ተራራ ወጥተው፣ የእንጦጦን የፈረሰ ምሽግ አይተው ነበር። ዛሬ በጩኸት ከሚከራከሩት መካከል ግን አካፋ ይዞ የመጣ አላየሁም። በሁሉም ወገን። ምናልባት አፈሩ የማይፈልጉትን ይናገራል ብለው ፈርተው ይሆናል። አፈር ደግሞ ይህ ጠባይ አለው፤ ለማንም አያዳላም፤ የገበሬውን ጎጆ ከሥር፣ የወታደሩን ጎጆ ከላዩ፣ የነጋዴውን የጭቃ ቤት ከዚያ በላይ አነባብሮ ያስቀምጣል። ከ1880ዎቹና ከ1890ዎቹ የቀሩትን የአዲስ አበባ ፎቶግራፎች ያየ ሰው ያውቃል፤ በየራሱና በየደጃዝማቹ ግቢ ዙሪያ ጎጆ በጎጆ ነው። ከተማዋ የተጀመረችው በጎጆ ነው። ሠራተኛ ሰፈርም፣ ደጃች ውቤም፣ ገዳም ሰፈርም።

ኃላፊው የተናገሩበት አዳራሽ ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ሩቅ አይደለም። መታሰቢያው በየካቲት 2016 ዓ.ም ሲመረቅ በቆሙት ምስሎች ፊት የገበሬው ጀግንነት ምንኛ እንደተወደሰ ሁላችንም ሰምተናል። ያ ገበሬ በ1888 ዓ.ም ስንቁን ቋጥሮ፣ ጦሩን ይዞ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ የወጣው ከየትኛው በር ነው? ከጎጆ በር ነዋ። ስንቁን የቆላችለት ሚስቱ በየትኛው ምድጃ ላይ ነበር? ሰውየውን በሐውልት አቁመን ቤቱን «ጭቃ» የምንለው በምን ሒሳብ ነው? ይህን ጥያቄ ከመድረኩ ብጠይቅ ኖሮ መልስ እንደማይኖራቸው አውቃለሁ፤ ሻይ ተብሎ ነበር እንጂ።

ተማሪዋን ያን ዕለት አዳራሹ በር ላይ አገኘኋት። «ጋሼ፣ ለሌላ ቦታ እጠይቃለሁ» አለችኝ፤ ድምጿ እንኳ አልተቆጣም። ያ ሌላው ቦታ ገና ኮንክሪት ያልተሞላበት አንድ ጥግ እንዳለው ነገረችኝ፣ በሰሜን በኩል፣ ከአሮጌው ጽድ ሥር። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ጉልበቴ ቢደክምም ወንፊት መነቅነቅ አያቅተኝም። ዘበኛውም ከምሽት ተረኛነቱ ሲወጣ እመጣለሁ ብሏል። ማንካ አለን፣ ገመድ አለን፣ አራት ችካል አለን። የጎደለን የኃላፊው ፊርማ ነው። ሁለት ሳምንት ቆፍረን ጭቃ ብቻ ከወጣ ጉድጓዱን እኔው ራሴ እደፍነዋለሁ።